ያልተነበበ አይጠቀለልበትም

ቦንጋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጃችን ለለምያ፦ የአላህ ሰላም በምትሠሪበት ቤት፣ በምትተኚበት ክፍል፣ በእጅሽ ሥራ ሁሉ ላይ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ እግሯን አልፎ አልፎ ይቆረጥማታል እንጂ ገበያ ትወጣለች። እህትሽ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ባለቤቴ ሙንተሃም «ሰላም በልልኝ፣ ፎቶ ትላክ» ብላለች።

ፖስታው እንዲህ አብጦ ስታዪው ምን ተላከልኝ ብለሽ እንዳትጓጊ። የመጽሐፍ ቅጠል ነው፤ ምዕራፍ አንድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሱቁ መጠቅለያ የሚሆን አሮጌ ወረቀት ከጅማ በኪሎ ገዝቼ አስጫንኩ። ጆንያውን ስፈታው ለካ መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው። ግማሹ ያለፈው መንግሥት ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ያሳተመው ነው፤ ወረቀቱ ወፈር ስለሚል ለበርበሬ ይመቻል። የቀረው ግን ታሪክም አለበት፣ ልብ ወለድም አለበት፣ ስለ ንብ እርባታ ሁሉ አለበት። ለአንዲት ሴትዮ ስኳር ልጠቀልል ቅጠል ገነጠልኩና ዐይኔን ጣል ባደርግበት ያዘኝ። ሴትዮዋ «ጋሽ ከሚል፣ ስኳሬን!» ትለኛለች። «ቆይ እስቲ፣ ሰውዬው ሊሞት ነው» እላታለሁ። ሞተ። ቅጠሉን ጠቅልዬ ልሰጣት ስል አሳዘነኝ፤ ግን ምን ይደረግ፣ ሰጠኋት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ በዚህ ሱቅ ያልተነበበ አይጠቀለልበትም። ከመደርደሪያው በላይ ሁለት ሚስማር መታሁ። በግራው ያልተነበበ፣ በቀኙ የተነበበ ይሰቀላል። መጠቅለያ የሚወሰደው ከቀኙ ብቻ ነው። ሙንተሃ «ዕድሜህ ሃምሳን አልፎ ተማሪ ሆንክ?» ብላ ስቃብኛለች፤ ትሳቅ።

ከአስረኛ ክፍል አቋርጠሽ ስትሄጂ አውቶቡስ ተራ ላይ «ማንበብ እንዳትተዪ» ብዬሽ ነበር። ባዶ ምክር ነበር፤ በምን ልታነቢ? አሁን ግን ጆንያው ውስጥ ሽፋኑ የወለቀ አንድ ልብ ወለድ አገኘሁ። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። የምሥራች የምትባል ልጅ ከአገሯ ወጥታ አሰብ ወደብ ሥራ ስትገባ ይጀምራል። ሦስተኛ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩልሽ፤ «የለምያ ሚስማር» ይባላል፣ ማንም አይነካውም። እየገነጠልኩ እልክልሻለሁ። አንቺ አንብበሽ የመሰለሽን ትጽፊልኛለሽ። እኔም ከአንቺ አልቀድምም፤ የምትደርሺበት እደርሳለሁ። ውልሽ በመጪው መስከረም እስኪያልቅ መጽሐፉን መጨረስ አለብን። ዕቅዳችን ይኸው ነው።

አጎትሽ ከሚል

ቤሩት፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ከሚል፦ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ለእርስዎም፣ ለእትዬ ሙንተሃም፣ ለእናቴና ለእህቴም ሰላምታዬ ከዚህ ከአምስተኛ ፎቅ ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ጋሼ፣ አጠፋሁ። ምዕራፍ አንድን አንዴ ቁጭ ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ ባዶ እጄን ቀረሁ። የቀጣዩ እስኪመጣ ያንኑ ሳመላልስ የምሥራች ሻንጣ ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ በቃሌ አወቅሁት። ስለዚህ ዕቅዱን አሻሽያለሁ፦ በቀን አንድ ገጽ፣ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች። የማነበው ኩሽና በረንዳ ላይ ነው፣ የልብስ ማጠቢያው እስኪጨርስ። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ገጹ ማለቅ አለበት። አንዳንዴ እኔ እበልጠዋለሁ፣ አንዳንዴ እሱ።

ማዳም ፖስታውን ከፍታ ሳንቲም ወይም ፎቶ እንዳለበት ካየች በኋላ ቅጠሎቹን አገላበጠችና «ጸሎት ነው?» አለችኝ። «የትምህርት ነው» አልኳት። ከንፈሯን ነፍታ ሰጠችኝ።

አሁን አስተያየቴን ልስጥ። የምሥራች አንጀቴን በልታዋለች። ልብስ ንጽሕና ቤት ስትቀጠር አሠሪዋ ሸሚዝ አቅርቦ ይፈትናታል፣ እሷም ከጀርባው ጀምራ ተኩሳ በአንገትጌው ትጨርሳለች፣ ሰውዬውም «ጎበዝ» ይላታል። ደራሲው በሕይወቱ ሸሚዝ ተኩሶ አያውቅም! አንገትጌ ይቀድማል። ያለዚያ ጀርባው እንደገና ይጨማደዳል። ደራሲው የት እንደሚኖር ቢታወቅ እጽፍለት ነበር።

ሌላ አንድ ነገር። እናቴ በእርስዎ እጅ የምታስጽፈው መልእክት ሁልጊዜ «ጠንክሪ» የሚል ብቻ ነው። እግሯን እንደሚቆረጥማት እንኳ አሁን ከእርስዎ ሰማሁ። እስቲ ሌላ ነገር ታስጽፍልኝ።

ምዕራፍ ሁለትን በቶሎ። ሦስትም ቢጨመር አልቀየምም።

ልጅዎ ለምያ

ቦንጋ፣ የካቲት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለለምያችን፦ ጤናሽን አላህ ይጠብቅልሽ፣ ያለሽበትን አገር ያላምድልሽ።

ዘገየሁ፣ አውቃለሁ። የቡና ጊዜ ነበር። ገበሬው እጁ ላይ ብር ሲገባ ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ሻይ ቅጠሉም ከቁጥጥር ውጭ ይሸጣል፤ መጠቅለያውም አብሮ ይሄዳል። እኔ በግራ ሚስማር አንድ ቅጠል ሳነብ በቀኝ ሦስት ያልቃል። የገበያ ቀን ከሆነማ ጉድ ፈላ! በንባብ ወደ ኋላ የቀረ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሱቁን በማለዳ እየከፈትኩ፣ ምሳዬን ቆሜ እየበላሁ ላይ ታች አልኩ። ሙንተሃ በመጨረሻ «ወይ ንግዱን ያዝ ወይ ትምህርት ቤት ግባ» አለችኝ። ፌስታል ግዛ የሚለኝም አለ። ፌስታል ላይ ምን ይነበባል?

ደግሞ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬያለሁ፤ ቶሎ እንዳይሰለቸኝ ብዬ ነበር፣ ሰው ተሰበሰበብኝ። ከትግራይ ተመድቦ የመጣው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ገብረ ኢየሱስ በየቀኑ ሲጋራ ሊገዛ ይመጣና ንባቤን እያረመ ይቆያል። አንዱ ገበሬ አማርኛው ሲከብደው ሌላው በካፊኖኖ ያስረዳዋል፤ በካፊኖኖ ሲነገር ደግሞ ታሪኩ ይረዝማል፣ እኔ ከጻፈው ሰው የበለጠ የሚያውቁ ይመስለኛል። ያንቺን ግን ለማንም አላነብም። እሱን ብቻዬን ነው።

ሦስት ምዕራፍ ልኬልሻለሁ። የምሥራች ከደምመላሽ ጋር መተዋወቋ አላስደሰተኝም። የመርከብ ጸሐፊ ነኝ ይላል፤ ወደቡን ለቆ የማይሄድ የመርከብ ጸሐፊ ምን ዓይነት ነው? እስቲ ያንቺን አስተያየት ልስማ።

እናትሽን «ሌላ ነገር አስጽፊ ብላለች» አልኳት። «በላከችው ብር የተጀመረው የጓሮው ቤት ጣሪያ ሊከደን ጥቂት ነው የቀረው በላት» አለች። ቀጥዬ ጠየቅኋት። «ጠንክሪ በላት» አለች። እኔ የተባልኩትን ነው የምጽፈው።

አጎትሽ ከሚል

ቤሩት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ከሚል፦ ሰላምና ጤና፣ በረካም ለሱቅዎ። ለገብረ ኢየሱስም ሰላም ይበሉልኝ፤ እኔን አስተምሮኝ ባያውቅም መምህር መምህር ነው።

በቀን አንድ ገጽ ያልኩት ዕቅድ ፈረሰ። ፍራሼ ሥር የደበቅኩትን ማዳም ስትገለብጥ አገኘችውና «ቤቴን በቆሻሻ ወረቀት ሞላሽው» ብላ ልትጥለው ነበር። እጇን ያዝኳት። የማዳምን እጅ ያዝኩ ጋሼ! ምን እንደነካኝ አላውቅም። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ወረቀቱን ግን መለሰችልኝ። አሁን የተነበበውን ሁሉ ስድስተኛ ፎቅ ለምትሠራው ለተሾመች እሰጣታለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ እሷ ናት፤ እሷ እሑድ እሑድ ትወጣለች፣ እኔ አልወጣም።

የምሥራችን ደምመላሽ «አብረን እንኑር፣ አገርሽ ምን አለሽ» ሲላት ትኬት ቆርጣ፣ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ሳትገባ፣ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ምዕራፉ እዚያ ላይ አለቀ። ይህ ግፍ ነው። ቀን ሥራ ላይ አሁን ገባች፣ አሁን ቀረች እያልኩ ሳህን ሰብሬያለሁ።

ጋሼ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። ማዳም «ለሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ» ብላኛለች። እሺም እንቢም አላልኩም። ጳጉሜ ላይ መልስ ትፈልጋለች፤ ፓስፖርቴ እሷ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አልፈርምም ካልኩ ትኬት ቆርጣ ልትመልሰኝ ውሉ ያስገድዳታል፣ ይህን ተሾመች አጣርታልኛለች። ብመለስ አስረኛ ክፍልን ከልጆች ጋር ተቀምጬ መጀመር እችላለሁ፤ ብቀር ጣሪያው ይከደናል። ስመዝነው አንድ ቀን ወደዚህ ያደላል፣ አንድ ቀን ወደዚያ። እንቅልፌ ጠፍቷል። እና እንዲህ ብዬ ወሰንኩ፦ መጽሐፉን ልጨርስ፣ የምሥራች የምታደርገውን አደርጋለሁ። ይሳቁብኝ፤ ግን የሚያዋየኝ ሰው የለም። ስልክ ልደውል ብል ማዳም ትቆልፈዋለች፣ ቁጥሩንም ለማንም እንዳልሰጥ ከልክላኛለች።

እርስዎስ ምን ይላሉ? የመጨረሻውን ምዕራፍ ይላኩልኝ፣ የእርስዎንም ሐሳብ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ለምያ

ቦንጋ፣ ሰኔ 10 ቀን 1990 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለለምያችን፦ አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ መጨረሻውን ልልክልሽ ወደ ሚስማርሽ ዘወር ብል ባዶ ነው። እኔ ጁምዓ ሶላት በሄድኩበት ሱቁ በሰው ተጨናንቆ፣ ሙንተሃ ከቀኙ ሚስማር ወረቀት ሲያልቅባት ከሦስተኛው ቦጨቅ እያደረገች ስትጠቀልል ውላለች። «አንብበህ የጨረስከው መሰለኝ፣ ለልጅቷ ከላክኸው የተረፈ መሰለኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ በወረቀት አልጣላትም። ተጣላኋት ግን።

የዚያን ዕለት ብዙ የወሰዱት የሺሺንዳ ሰዎች ናቸው አለች። በማግስቱ መኪና ተሳፍሬ ሺሺንዳ ወረድኩ። ሻይ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ላቀች ዘንድ ገብቼ «ከእኔ ሱቅ የወሰዱት ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት አለ?» ስላቸው ስኳሩ ጎድሎ የምከራከር መስሏቸው ሚዛን አወጡ! ሰው ሁሉ ከበበን። ነገሩን ሳስረዳ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። በመጨረሻ እሳት ሲያቀጣጥሉበት የተረፈ አንድ ቅጠል ሰጡኝ። አነበብኩት፦ የምሥራች አውቶቡስ ተራው ላይ ዳቦ ገዝታ ትበላለች። ሌላ ምንም የለበትም። እየበላች ታስባለች፣ አለቀ። የቀረውን የጫነ ነጋዴ ወደ ቢታ ገነት አልፏል ብለውኛል፤ ዝናቡ መንገዱን ሲለቅ እሄዳለሁ።

እዚህ ሁሉም ሬዲዮ ላይ ነው። በሰሜን ጦርነት ተጀምሯል፤ ገብረ ኢየሱስ ከቤተሰቡ ወሬ ቀርቶበት ንባብ ሊሰማም አይመጣም፣ ሲጋራውን ገዝቶ ይሄዳል።

ስለ ውሉ ለጠየቅሽኝ፣ ለአንቺ የሚበጀውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኛ በሁሉም ደስተኞች ነን።

አጎትሽ ከሚል

ቤሩት፣ ሐምሌ 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ከሚል፦ ሰላም ለቤትዎ።

ሁለት ነገር ጠይቄዎ ነበር። ስለ መጽሐፉ ሺሺንዳ ድረስ ወርደው ፈለጉልኝ። ስለ እኔ ደግሞ «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። እኔ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ ምን አስጠየቀኝ?

ማዳም የአዲሱን ውል ወረቀት አምጥታ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፤ ወተት ላወጣ ስል አየዋለሁ። ቢታ ገነት ይሂዱልኝ። እትዬ ሙንተሃን ይታረቋት።

ለምያ

ቦንጋ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ለለምያችን፦ ሰላም ለአንቺ፣ ደስታም ይከተልሽ።

እንኳን ደስ ያለሽ! ቢታ ገነት ሄጄ፣ ወረቀቱ እንኳ ባይገኝ፣ የዚያው መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ያለው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አገኘሁ። መጽሐፉን አልሰጥም ስላለኝ እዚያው ተቀምጬ የመጨረሻውን በእጄ ገለበጥኩልሽ። ለዚህ ነው ጽሕፈቱ የእኔ የሆነው። ይኸውልሽ፦

«የምሥራች ዳቦዋን ጨርሳ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ደምመላሽ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ቀረ። ብዙ ተጉዛ ዓርብ ከቀትር በኋላ የእናቷ ደጅ ደረሰች። እናቷ እልል ብላ ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራራ። ወዲያው አንድ ሙክት ታረደ፣ ለመጣው ሁሉ ተቆርሶ ተበላ። ምን ይዘሽ መጣሽ ያላት የለም። ለምን መጣሽ ያላትም የለም። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ‹ያላንቺ ቤቱ ሰፍቶን ነበር› አለቻት። የምሥራችም ጫማዋን አውልቃ በላች። ተፈጸመ።»

ጥሩ መጨረሻ ነው አይደል? እኔን ደስ ብሎኛል። ዕቅዳችንን ከመስከረም በፊት ጨረስን። ከሙንተሃም ታርቀናል።

አጎትሽ ከሚል

ቤሩት፣ ነሐሴ 23 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ከሚል፦ የአላህ ሰላም ይድረስዎ፣ ዕድሜዎንም ያርዝመው።

አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ለተሾመችም አነበብኩላት፤ በረንዳዋ ላይ ሆና ወደ ታች ጎንበስ ብላ ትሰማለች፣ እኔ ወደ ላይ ቀና ብዬ አነባለሁ። ሙክቱ ጋ ስደርስ «ዓርብ?» አለች። «አዎ፣ ዓርብ» አልኳት። «ክርስቲያን ዓርብ በግ ያርዳል እንዴ? ጾም አይደል?» አለችኝ።

ጋሼ! የምሥራች አንገቷ ላይ ማተብ አለ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማለች። እናቷ ዓርብ ቀን ሙክት አርዳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ፣ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ጾም ነው» አይልም? እርስዎ ደግሞ ይህ ሊጠፋዎ አይችልም፤ ረቡዕና ዓርብ ሲደርስ ለክርስቲያኑ ሰፈር ሽሮና ዘይት ሲሰፍሩ ነው ያደግኩት። ዓርብን መልካም ቀን ብሎ የሚያርድ ማን እንደሆነ እኔና እርስዎ እናውቃለን።

ሳቅሁ። ሳህን ማድረቂያውን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳቅሁ፣ ማዳም እንዳትሰማ። ከዚያ ሳላስበው ለቅሶ ሆነብኝ፤ ቆሜ አለቀስኩ። ምክንያቱም የዚያ ቤት ግቢ የማን እንደሆነ ገባኝ። «ምን ይዘሽ መጣሽ ያላት የለም» የሚለውን የጻፈው፣ ሰው አገር የሚኖር ልጅ ያለው ሰው ነው።

አልተቆጣሁም። ግን ሆድ ብሶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት በሚመጣ ደብዳቤ ላይ «ነይ» የሚል ቃል አንብቤ አላውቅም። እናቴ ጠንክሪ ትለኛለች፣ እርስዎ አንቺ ታውቂያለሽ ይሉኛል። ትፈልጉኝ እንደሆነ ወይስ ያልለመዳችሁት እንግዳ ሆኜባችሁ እንደሆነ፣ በምን ልወቅ? በየምሥራች ስም ያሉትን በእኔ ስም ይበሉልኝ። ይህን ብቻ ላንብብ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ማዳምን ራሴን ያመኛል እያልኩ ለጥቂት ቀን እገፋታለሁ። እባክዎን ጋሼ፣ ይቸኩሉልኝ።

ልጅዎ ለምያ

ቦንጋ፣ መስከረም 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለምያ፣ ልጄ፦

በቢስሚላህ ጀምሬ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ያንቺ የደረሰኝ ጳጉሜ ላይ ነው። ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ፤ ደንበኛ ሲያናግረኝ ሂሳብ ይጠፋብኛል።

አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቢታ ገነት ደርሼ ያገኘሁት ነገር የለም፤ የመጽሐፉን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ጾሙ እንዴት ጠፋዎ ላልሽኝ፣ ስጽፍ የምሥራች ከፊቴ ጠፍታ ነበር። የኛን ግቢ ነበር የማየው፣ በሩ ላይ ቆመሽ። ለገብረ ኢየሱስ ባሳየው ያርመኝ ነበር፤ አፈርኩና ደበቅኩት።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ቁጭ ብላ ሰማችኝና «እኔስ ነይ ማለት መቼ ጠላሁ?» አለች። «ነይ ብያት መምጣት ቢያቅታት፣ እዚያ ሰው ቤት ሆና ያን ቃል ይዛ እንዴት ታድራለች ብዬ ነው። ጠንክሪ ብላት ይሻላል ብዬ ነው።» ከዚያ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔም ለካ በዚያው ፍርሃት ነው ዝም ያልኩት፤ እሷ ስትናገረው ገባኝ።

እና አሁን በስምሽ እነግርሻለሁ። ብትመጪ ጣሪያው ሳይከደን አንድ ክረምት ሊያልፍበት ይችላል። ሰዉ «ምነው ቶሎ መጣች» ብሎ ያወራል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ እንላለን። አስረኛ ክፍል ውስጥ ትልቋ ተማሪ አንቺ ትሆኛለሽ፤ ደብተርሽ ከእኔ፣ ምሳሽ ከሙንተሃ። ይህን ሁሉ አስቤ፣ እናትሽም አጠገቤ ተቀምጣ፣ ነው የምጽፈው።

ለምያ፣ ነይ።

ከሚል

ቤሩት፣ ጥቅምት 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለጋሼ ከሚልና ለእናቴ፦ ሰላም ለሁለታችሁም። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጣችሁ ስታነቡት እንዲታየኝ በአንድ ላይ ጠራኋችሁ።

ሳልፈርም ደረሰልኝ ብዬ ልዋሻችሁ አስቤ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ለምን እንዳልመጣሁ ሌላ ውሸት፣ ከዚያም ሌላ ሊያስፈልገኝ ነው። ማዳምን እስከ መስከረም አጋማሽ ገፋኋት። በየቀኑ ፖስታ መጥቷል ወይ እላለሁ፣ የለም ትለኛለች። አንድ ማክሰኞ ምሳ ከበሉ በኋላ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አደረገችውና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የሚጠብቀኝ ቢኖር ይጽፍልኝ ነበር አልኩ በሆዴ። ፈረምኩ። የእርስዎ ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰ።

መጀመሪያ ባነበብኩት ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በእርስዎም ተናደድኩ፣ አልደብቅም። በኮት ኪስ ውስጥ ይዘው የዞሩባቸው ቀኖች የእኔ ቀኖች ነበሩ። ሁለት ዓመት እኮ ነው ጋሼ። ንዴቴ እስኪያልፍ ብዬ ነው ለመጻፍ የዘገየሁት። አሁን አልፏል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ከእንግዲህ ልብ ወለድ አይላኩልኝ። ሐሳቤን በሌላ ልጅ ትኬት ላይ አላንጠለጥልም። የአስረኛ ክፍል መጻሕፍት ይፈልጉልኝ፤ ሒሳብ፣ ታሪክና ባዮሎጂ፣ ሽፋን ባይኖራቸውም ግድ የለም። በየሁለት ምዕራፉ መጨረሻ ያለውን ጥያቄ ሠርቼ እልክልዎታለሁ፣ ገብረ ኢየሱስ ቀልቡ ሲመለስ ያርምልኝ። ስመጣ አስረኛን ፈትነው ወደ አስራ አንደኛ ያሳልፉኝ እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ይህ የእኔ ዕቅድ ነው፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

እናቴ፣ ያን ቃል ይዛ እንዴት ታድራለች ብለሽ ነበር። ይኸው አደርኩ። ያልቻልኩት ያለሱ ማደርን ነው። ጋሼ፣ አሁን መምጣት እንደማልችል ብታውቁም በየደብዳቤያችሁ መጨረሻ ላይ «ነይ» ብላችሁ ጻፉልኝ።

ልጃችሁ ለምያ